ጊደራችሁ በሰላም እንድትወልድ፦ በዘር ምርጫ የምጥ ችግርንና ሞቶ የሚወለድ ጥጃን የመቀነሻ መመሪያ

ጊደሬ ወለላ የመጀመሪያ ጥጃዋን ያማጠችው ሌሊት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ታገለች። የጥጃው ሁለት የፊት እግሮች ብቅ አሉ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ምንም ለውጥ የለም። ጎረቤት ጠርተን በገመድ ጎተትን። ጥጃው ወንድ ነበር፤ ትልቅ ነው፣ መልኩም ያምራል፣ ግን ሞቷል። ወለላም ለ3 ቀን መቆም አቃታት። ዳሌዋ ውስጥ ያለው ነርቭ ተጨፍልቆ ነው ያለኝ ሐኪሙ።

ያኔ «ምን ይደረግ፣ እድሏ ነው» ብዬ ነበር። በኋላ ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ ሳስበው ግን ብዙው በእጄ የነበረ ነው። ወለላ ግማሽ ደም ዲቃላ ናት። ክብደቷ ሳይሞላ ነው ያስጠቃኋት። አዳቃዩ ሲመጣ «ከየትኛው ኮርማ ነው?» ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። «ፈረንጅ ነው» አለኝ፣ በቃ ደስ አለኝ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ ሰው ያቺን ሌሊት እንዳያሳልፍ ነው። 2፣ 3 ላም ለሚያረባ ቤተሰብም ሆነ ከፍ ያለ እርባታ ላለው ይሆናል።

መጀመሪያ ይህን ያዙ፦ አባቶቹ ሁለት ናቸው

ስለ ምጥ ሲወራ ሁላችንም የምናስበው የጥጃውን አባት ነው። ኮርማው ትልቅ ከሆነ ጥጃውም ትልቅ ይሆናል፣ መውጫው ይጠበዋል። ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የጊደሯ የራሷ አባት ነው። የዳሌዋ ስፋት፣ የምጧ ጉልበት፣ ጥጃውን በማህፀኗ የምትመግብበት መጠን፣ እነዚህ ሁሉ ከእናትና ከአባቷ የወረሰቻቸው ናቸው። አንዳንዱ ኮርማ ጥጆቹ በቀላሉ ይወለዳሉ፤ ሴት ልጆቹ አድገው ሲወልዱ ግን ይቸገራሉ። የሌላው ደግሞ በተቃራኒው ነው።

ለዚህ ነው በአሜሪካ የኮርማ መረጃ ላይ 4 የተለያዩ ቁጥሮች የምታገኙት። ሁለቱ ስለ ምጥ ችግር፣ ሁለቱ ሞቶ ስለሚወለድ ጥጃ ናቸው። ከየጥንዱ አንዱ ኮርማውን እንደ ጥጃው አባት፣ ሌላው እንደ ወላጇ ጊደር አባት ይመዝነዋል። ሞቶ የመወለድ ግምገማው እዚያ በይፋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። «ሞቶ የተወለደ» የሚባለው ጊዜውን ጨርሶ ሲወለድ የሞተው ብቻ አይደለም፤ በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የሞተውም ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ የሚያከብድ አንድ ወጥመድ አለ። ሁልጊዜ ትንሽ ጥጃ የሚሰጥ ኮርማ ብቻ ከመረጣችሁ፣ ትንሿ ጥጃ አድጋ ትንሽ ጊደር ትሆናለች። ዳሌዋም ይጠባል። የእናቲቱን ምጥ አቀለልን ስንል የልጇን ምጥ እናከብዳለን ማለት ነው። ስለዚህ «ቀላል ወላጅ» ኮርማ ለጊደር ይሁን። 2 እና 3 ጊዜ ለወለደችው ላም በወተቱ፣ በጡቱ፣ በመራባት ብቃቱ የተሻለውን ፈልጉ። ከምክሮቼ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይህንን እላችኋለሁ።

1. ችግሩ የዘር መሆኑን አረጋግጡ

ከዘር የሚመጣው ድርሻ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው። ሆልስታይን በሚባለው ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ የወተት ላም ዝርያ ላይ በተደረጉ ግምገማዎች በከብቶቹ መካከል ከሚታየው ልዩነት በዘር የሚተላለፈው ከ10 በመቶ በታች ነው። የቀረው የቀለብ፣ የአያያዝ፣ የእድሜ፣ የበሽታ ነው። ታዲያ ስለ ዘር ለምን እንጨነቃለን? አንድ ኮርማ በሰው ሰራሽ ማዳቀል በሺህ የሚቆጠር ጥጃ ስለሚወልድ ነው። የአንዱ መጥፎነት ብዙ በረት ይገባል። የተሻለው ኮርማ ደግሞ ከመጥፎው የበለጠ ገንዘብ ላያስወጣ ይችላል።

ስለዚህ ኮርማውን ከመውቀሳችሁ በፊት እነዚህን እዩ። ላሞቻችሁ 5 ወር ካለፋቸው በኋላ እየጨነገፉ ከሆነ፣ የእንግዴ ልጅም አልወጣ እያለ ካስቸገረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብሩሴሎሲስ ነው። ወደ ሰውም ይተላለፋል። የጨነገፈውን ጥጃም ሆነ የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ሐኪም ጠርታችሁ ደም አስመርምሩ። ወተቱንም ሳታፈሉ አትጠጡ።

የምትወልደው ጊደር ከመጠን በላይ ወፍራ ከሆነም ችግሩ ከቀለቡ ነው። ስብ የመውለጃ መንገዱን ያጠባል። በመጨረሻዎቹ ወራት ፋጉሎና ፉርሽካ የሚቆለልላት ጊደር ለዚህ ትጋለጣለች። ማስራቡም መፍትሄ አይደለም፤ የተራበች ጊደር የማማጥ አቅም የላትም፣ ጥጃዋም ደካማ ሆኖ ይወለዳል።

እነዚህ ካልሆኑ፣ በተለይ ደግሞ ከአንድ ኮርማ የተጠቁ ጊደሮች ተደጋግመው ከተቸገሩ፣ ያኔ ዘሩን ጠርጥሩ።

2. ጊደሯን ለኩ

«18 ወር ሞላት፣ ድራት መጣባት፣ ላስጠቃት» ማለት አደገኛ ነው። መለኪያው ክብደት እንጂ እድሜ አይደለም። ጊደር መጠቃት ያለባት ስትጎለምስ ከሚኖራት ክብደት 60 በመቶ ገደማ ስትደርስ ነው። እናቷ 450 ኪሎ ከሆነች፣ ጊደሯ 270 ኪሎ መድረስ አለባት።

ሚዛን የለኝም የሚል ሰው በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት ይችላል። ከፊት እግሮቿ ጀርባ የደረቷን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለኩ። ከዚያ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቷ ጫፍ ያለውን ርዝመት ለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ10,840 አካፍሉት። ለምሳሌ ደረቷ 150፣ ርዝመቷ 130 ከሆነ፣ 150 ሲባዛ በ150፣ ሲባዛ በ130፣ ሲካፈል ለ10,840፣ ወደ 270 ኪሎ ይመጣል። ግምት ነው፤ ቢሆንም በዓይን ከመገመት በጣም ይሻላል።

ካልደረሰች አንድ ወይም ሁለት ድራት አሳልፉ። 42 ቀን መጠበቅ ጊደር ከማጣት ይቀላል።

3. የዘር ሐረጓን ጻፉ

አንድ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዷ ጊደር 4 ነገር ይጻፍ፦ አባቷ የትኛው ኮርማ ነው? እናቷ ምን ዓይነት ናት? የውጭ ደሟ ስንት በመቶ ነው? እናቷ እሷን ስትወልድ እንዴት ነበር?

የደም መጠን ስሌቱ ቀላል ነው። የእናትና የአባት ደም ተደምሮ ለ2 ይካፈላል። የሐበሻ ላም በሙሉ ሆልስታይን ብትጠቃ ጥጃዋ 50 በመቶ ነው። ያቺ 50 በመቶ እንደገና በሙሉ ሆልስታይን ብትጠቃ 75 ይሆናል። 75ቷን በ50 በመቶ ኮርማ ብታስጠቁ 62.5 ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሐበሻ ላማችን ትንሽ ናት፤ ከሆልስታይን ስትዳቀል ጥጃው ይገድላታል ብለን እንፈራለን። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ነገር ግን የዜቡ (የሐበሻ ላማችን ያለችበት፣ ሻኛ ያለው የከብት ዘር) ላም ማህፀን የጥጃውን እድገት የመገደብ ጠባይ አለው። ጥጃው በሆልስታይን ላም ማህፀን ቢያድግ ኖሮ ከሚኖረው ክብደት አንሶ ይወለዳል። ስለዚህ በደንብ የበላች፣ ከዚህ በፊት የወለደች የቦረና ላም ብዙውን ጊዜ ትወጣዋለች።

ከዚያ የባሰው የሚመጣው በሁለተኛው ዙር ነው። 50 በመቶዋ ዲቃላ ጊደር በጭድ ብቻ አድጋ፣ ቁመቷ ሳይሞላ፣ በሙሉ ሆልስታይን ትጠቃለች። ጥጃው 75 በመቶ የውጭ ደም አለው፤ ትልቅ የመሆን ፍላጎቱ ከአባቱ ይመጣል። እናቱ ደግሞ በቀለብ እጥረት ቀጭጫለች። ወለላ የተያዘችው በዚህ ነው።

4. ዝርያውን ምረጡ

የሆልስታይን ጥጃ ሲወለድ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል። የጀርሲ ጥጃ ወደ 25 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 15 ኪሎ ነው፤ ለጠባብ ዳሌ ይህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

የኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ጊደሯ ትንሽ ከሆነች ወይም ክብደቷን ከተጠራጠራችሁ፣ ለመጀመሪያው ወሊድ ጀርሲ አስደርጉ። ወተቱ በመጠን ቢያንስም ቅባቱ ከፍ ያለ ነው፤ ቅቤና አይብ ለሚያወጣ ቤት ኪሳራ የለውም። ሰው «ጀርሲ ትንሽ ናት፣ ገበያ ላይ አትሸጥም» ይላል። በሕይወት ያለች ትንሽ ጥጃ ግን ሞቶ ከተወለደ ትልቅ ጥጃ ትሻላለች።

ዲቃላነት በራሱም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት የመጀመሪያ ወሊዳቸውን የወለዱ የሆልስታይን ጊደሮችን አወዳድሮ ነበር። ከሆልስታይን ኮርማ ከተወለዱት ጥጆች 15.1 በመቶው ሞተው ተወለዱ። ከስካንዲኔቪያ ቀይ ዝርያ ኮርማ ከተወለዱት ግን 7.7 በመቶው ብቻ ነበሩ። ግማሽ ያህል ማለት ነው። የስካንዲኔቪያ አገሮች የምጥንና የጥጃ ሞትን መረጃ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲመዘግቡና ኮርማ ሲመርጡበት ስለኖሩ ውጤቱን እያዩ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛው፣ «የዜቡ ኮርማ ትንሽ ጥጃ ይሰጣል» ብላችሁ አትተማመኑ። የብራህማን ኮርማ የፈረንጅ ላም ላይ ሲሆን ጥጃው፣ በተለይ ወንዱ፣ ከተጠበቀው በላይ ይከብዳል። የዜቡ እናት የምታደርገውን ገደብ የፈረንጅ እናት አታደርግም። ሁለተኛው፣ ቤልጂየን ብሉ የሚባለውን የሥጋ ዝርያ ጊደር ላይ ፈጽሞ አታስደርጉ። የጡንቻን እድገት የሚገታው ዘረመል በዚህ ዝርያ ስለተበላሸ ጥጃው በጡንቻ የተሞላ ነው። በአገሩ ብዙዎቹ የሚወለዱት በቀዶ ሕክምና ነው።

5. የኮርማውን ቁጥር አንብቡ

አዳቃይ ቴክኒሻኑ ስትሮውን (የኮርማው አባለዘር ያለበትን ቀጭን ቱቦ) ከፈሳሽ ናይትሮጅን ሲያወጣ በላዩ ላይ የኮርማው መለያ ታትሞ ታያላችሁ። ሳይደረግ በፊት ጠይቁት፣ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። መብታችሁ ነው። «ይሄ ለጊደር ይሆናል?» ብላችሁም ጠይቁ። ጥሩ አዳቃይ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ጊዜ አስቦ ይመጣል።

ከውጭ የገባ አባለዘር ከሆነ የኮርማው መረጃ በካታሎግ ወይም በኢንተርኔት ይገኛል። እዚህ ጋ ረጋ በሉ፤ ቁጥሩን በተቃራኒው የሚያነብ ሰው ብዙ ነው። በአሜሪካው አሠራር ቁጥሩ ከጊደሮች መካከል ስንት በመቶው በችግር ይወልዳሉ ተብሎ እንደሚጠበቅ ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ ያነሰው ይሻላል። በካናዳ፣ በኔዘርላንድስና በስካንዲኔቪያ አገሮች ግን አማካዩ 100 ነው፤ ከ100 የበለጠው ይሻላል። የአሜሪካውን ልማድ ይዞ የካናዳን ካታሎግ ያነበበ ሰው የመጨረሻውን መጥፎ ኮርማ መርጦ ይወጣል።

የድሮ ካታሎግና የአዲስ ካታሎግም አታወዳድሩ። የአሜሪካው ስሌት በቅርብ ዓመታት ተስተካክሎ አማካዩ ወርዷል። ድሮ «ለጊደር ይሆናል» የሚያሰኘው ቁጥር ዛሬ ከአማካይ የባሰ ሊሆን ይችላል። ኮርማውን ከዚያው ዓመት አማካይ ጋር ብቻ አስተያዩት።

ከቁጥሩ አጠገብ የአስተማማኝነት መቶኛ አለ። ከላይ እንዳልኩት ከዘር የሚተላለፈው ድርሻ ትንሽ ስለሆነ፣ ጥቂት ጥጆች ብቻ የተቆጠሩለት ኮርማ ቁጥሩ ነገ ሊገለበጥ ይችላል። ለጊደር ከሆነ አስተማማኝነቱ ከ80 በላይ የሆነውን እመርጣለሁ። የዘረመል ምርመራ ይህን እያቀለለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች በሆልስታይን ክሮሞዞም 18 ላይ ከምጥ ችግር ጋር በጥብቅ የተያያዘ ቦታ አግኝተዋል። ቢሆንም ነገሩ በአንድ ዘረመል የሚያልቅ አይደለም፤ ብዙ ትንንሾች ተደምረው ነው።

ሞቶ የመወለዱን ቁጥር አትዝለሉት። በሆልስታይን ጊደሮች ዘንድ ብዙ ጥጆች ምጡ ቀላል ሆኖም ይሞታሉ። ምጡ ቀሏል ማለት ጥጃው ተርፏል ማለት አይደለም።

6. ድብቅ ገዳይ ዘረመልና ዝምድና

ካርሊን-ኤም አይቫንሆ ቤል የሚባል የአሜሪካ ሆልስታይን ኮርማ ነበር፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የተወለደ። ልጆቹ ወተታም ስለነበሩ አባለዘሩ ዓለምን ዞረ። ማንም ሳያውቅ ሁለት ገዳይ ዘረመሎች ተሸክሞ ነበር። እዚህ የሚመለከተን አንደኛው ነው፤ የአከርካሪ አጥንትን ያጣምማል፣ የእግር መገጣጠሚያን ያኮማትራል። ችግሩ ያለበት ጽንስ አብዛኛውን ጊዜ በእርግዝና ውስጥ ይጨነግፋል፣ ወይም ሞቶ ይወለዳል። ይህ በዴንማርክ ተለይቶ የታወቀው ኮርማው ከተወለደ ከ25 ዓመት በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው ዘረመል ድብቅ ነው። ተሸካሚው ኮርማ ጤነኛ ነው፣ ተሸካሚዋ ላምም ጤነኛ ናት። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ከ4 ጽንስ አንዱ የመታመም እድል አለው። ዛሬ በካታሎግ ላይ ከኮርማው ስም አጠገብ በፊደል ይጻፋል። ለአከርካሪው ችግር «ቲ ቪ» ከሆነ ተመርምሮ ነፃ ነው፤ «ሲ ቪ» ከሆነ ተሸካሚ ነው። ብራኪስፓይና ለሚባለው ሌላ ተመሳሳይ ችግር «ቲ ዋይ» ነፃ፣ «ቢ ዋይ» ተሸካሚ ነው።

በኛ አገር ግን ከዚህ በላይ የሚያሰጋኝ ዝምድና ነው። ደብተር ስለሌለ ልጅ ከአባቷ ትጠቃለች። ያው ኮርማ ለ4 ዓመት በአንድ ሰፈር ይሠራል፤ ሴት ልጁ ደርሳ ድራት ሲመጣባት ያው አባለዘር ይደረግላታል። የመንደር ኮርማ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከአባትና ከልጅ የሚወለድ ጥጃ ከዘረመሉ ሩብ ያህሉ ተመሳሳይ ጥንድ ሆኖ ይመጣል። ተደብቆ የኖረው መጥፎ ዘር የሚወጣው ያኔ ነው፤ ጥጃውም ደካማ ሆኖ ይወለዳል። መፍትሄው ገንዘብ አይጠይቅም። የጊደሯ አባት ቁጥር ደብተር ላይ ካለ፣ ያንን ቁጥር «አይሆንም» ማለት ብቻ ነው።

7. ጾታውንም አስቡበት

ወንድ ጥጃ ከሴቷ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይከብዳል። ሴት ጥጃ እንዲሰጥ ጾታው ተለይቶ የተዘጋጀ አባለዘር ካገኛችሁ 90 በመቶ ገደማ ሴት ይሰጣል፤ ለጊደር ምጥም ያቀላል። የመያዝ እድሉ ከተለመደው ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ጤናማና ድራቷ በደንብ የታየ ጊደር ላይ ብቻ አስደርጉት። ከ10 አንዱ ወንድ ሊመጣ ስለሚችል ኮርማው ራሱ ቀላል ወላጅ መሆን አለበት።

8. ቀኑን ቁጠሩ

የተጠቃችበትን ቀን ጻፉ። የሆልስታይንና የጀርሲ እርግዝና ወደ 280 ቀን ነው። ብራውን ስዊስና ዜቡ 10 ቀን ያህል ሊጨምሩ ይችላሉ። የእርግዝናው ርዝመት ራሱ ከኮርማው ይወረሳል፤ የሚያራዝም ኮርማ ጥጃውን ያከብደዋል። ቀኑ ሲቃረብ ሌሊት እየተነሳችሁ እዩ።

የሽርት ውሃው ከታየ በኋላ 1 ሰዓት ሙሉ ለውጥ ከሌለ ሐኪም ጥሩ። ሁለት እግርና አፍንጫ ካልታየ አትጎትቱ። ከ2 ሰው በላይ ጉልበት አታስገቡ፤ መጎተትም እሷ ስታምጥ ብቻ ነው። እኛ የዚያን ሌሊት ያጠፋነው ይህንን ነው።

9. ውጤቱን ጻፉ፣ ልጇንም ወስኑ

ከወሊድ በኋላ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ። ያለ ችግር 1፣ ትንሽ ችግር 2፣ እርዳታ የጠየቀ 3፣ ብዙ ጉልበት የፈጀ 4፣ እጅግ የከበደ ወይም በቀዶ ሕክምና የሆነ 5። የጥጃውን ጾታ፣ በሕይወት መኖሩን፣ የኮርማውን መለያ ከጎኑ ጻፉ። ለአዳቃዩም ንገሩት። አንድ ኮርማ በሰፈሩ 5፣ 6 ጊደር አስቸግሮ ከሆነ እሱ ካልሰማ ማን ይሰማል?

በከባድ ምጥ የተወለደች ሴት ጥጃ ካለቻችሁ ወዲያው አትጣሏት። ምጡ የከበደው እናቷ ሳትደርስ ስለተጠቃች ከሆነ፣ ጥጃዋ ጥፋት የለባትም። በደንብ አብሏት፣ በክብደቷ አስጠቋት። ነገር ግን እናቷ በቂ ክብደት ኖሯት፣ ጥጃውም መካከለኛ ሆኖ፣ 2 ጊዜ ከተቸገረች፣ ችግሩ ከእናት መስመር ነው። ያቺን ላም ለወተቷ አቆዩ፣ ሴት ልጇን ግን ለመተኪያ አትያዙ።

ወለላ ከዚያ በኋላ 2 ጊዜ በሰላም ወልዳለች። የመጀመሪያዋ ሴት ልጇ ባለፈው ወር በሜትር ስትለካ 262 ኪሎ መጣች። ድራቷ ታይቷል፤ የዚህን ዙር ግን አሳልፌዋለሁ። ደብተሩ ላይ የአባቷ ቁጥር አለ፣ ከሥሩም «ጀርሲ» ብዬ ጽፌያለሁ።